የአባባ ሰሌዳ የመጨረሻ መስመር

ረጀብ 3

ሰውን ሁሉ ከሞቀበት ጎትታ ወደዚህ ዓለም ለምታወጣው አዋላጅ፣ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳውን ደገፍ በይ። ዛሬ የምጽፍልሽ እንደ ታናሽ ወንድም ሳይሆን እንደ መርዶ ነጋሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በቤታችን የኖረ፣ ማንንም በክፉ ተናግሮ የማያውቅ፣ ስናለማም ስናጠፋም ዝም ብሎ ፊት ለፊት ሲያየን የኖረ አንድ የቤተሰባችን አባል ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ አለቃዬ ሱቅ ውስጥ፣ በዚህ በእኔው ጉደኛ እጅ ላይ እንዳለ በድንገት ተለይቶናል። ሲሄድ "ክሽ" ብቻ ነው ያለው። አልተሠቃየም።

የአባባ ሰሌዳ መስታወት ነው።

አሁን ልብሽን ወደ ቦታው መልሺው። ሌላ ቆርጫለሁ፤ ከፊተኛው ይወፍራል፣ ከፊተኛው ይጠራል፣ ከፊተኛው የሚያንሰው ነገር ቢኖር ጨዋነቱ ብቻ ነው፤ ገና ሳልገጥመው ጣቴን ቆርጦኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ጣሪያው አያፈስም። አዎ፣ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ፤ ያልተቆረጥኩት ምላሴን ነው ይላሉ አለቃ። የአባባ ወዳጅ ሸሁም ሰሌዳውን ልጆች ለሚቀሩበት ለመድረሳው አዲስ ክፍል እንደሚፈልጉት ደግመው ነግረውኛል። ክፍሉ ተቀብቶ ሲያልቅ፣ በሚመጣው ወር በሻዕባን ይሰቀላል። ከመሰቀሉ በፊት ግን መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል ያነቡታል። አንድ ቃል ካላማራቸው ከገበያ የታተመውን ገዝተው ይሰቅላሉ። "ልጆች የሚሸመድዱት ነገር ነው፤ በዚህ ለወዳጄም አላደላም፣ ነፍሱን ይማርና ለአባትህም ቢሆን" ብለውኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽማ። ሰሌዳውን መስታወትና ፍሬም ወደምንሠራበት ሱቅ ይዤ የገባሁ ቀን አንድ ደንበኛ "ምንድነው እሱ?" አለኝ። "የነቢያችን፣ ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ መልክ ነው" አልኩት። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። "ሥዕል? አስተግፊሩላህ፣ ይሄማ አይሆንም" ብሎ ሊወጣ እግሩን ሲያነሳ፣ "ና መጀመሪያ እየው" አልኩት። ቀስ ብሎ ተጠጋና ማንበብ ጀመረ። ቁመታቸው፣ ዓይናቸው፣ አረማመዳቸው፣ ጠባያቸው፣ ያዩአቸው ሰዎች እንደነገሩን፣ ሁሉም በቃል። ከታች በኩል መስታወቱ ደፍርሶ እስከሚያቆመው ድረስ አነበበ። ከዚያ ሊገዛ የመጣውን ረስቶ ወጣ። እኔ ሳቅኩ፤ አለቃ አልሳቁም። "በፈለግከው ቀልድ፤ እዚህ ጋ ስትደርስ ግን እግርህን ሰብስብ" አሉኝ። ሰብስቤያለሁ።

እንዴት አድርገህ ነው የምታጸዳው ላልሽኝ፣ ወረቀቱ ስለሞላብኝ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። ጽሑፉ ደህና ነው። ማለት ይቻላል።

ታናሽሽ፣ ፌንጣ


ረጀብ 11

ለወንድሜ ለፌንጣ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤህን አውቶቡስ ሹፌሩ በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ሌሊቱን ሁለት ልጅ አዋልጄ መግባቴ ስለነበር ቆሜ ነው ያነበብኩት። "የቤተሰባችን አባል" የምትለው ላይ ስደርስ እንዳልከው ተቀመጥኩ። ሁለተኛ እንዲህ አታድርገኝ። ያንተ ሳቅ እዚህ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ድንጋጤው ግን ወዲያው ነው የሚደርሰው።

ለመስታወቱ ግድ የለኝም። ወረቀቱ ሞላብኝ ብለሃል፤ ከፊርማህ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። "ማለት ይቻላል" የምትለዋንም ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

ለምን በስልክ አናወራም ያልከኝን አሁንም አልቀበልም። በስልክ ታስቀኛለህ፣ እኔም እስቅና የጠየቅኩህን እረሳለሁ። ወረቀት ላይ ግን የት ጋ እንደዘለልክ ይታያል።

አባባ ያን ሰሌዳ ሲጽፍ ማስመሪያውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። አንተ እንኳን ማስመሪያ፣ ራስህንም ቀጥ አድርገህ መያዝ አትችልም ነበር። አንድ ቀን "ሽፋሽፍታቸው ረጅም" የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። ያንን የሰማው ከአንድ ሰው ብቻ ነበር። ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ሄዶ ሌላ ዐዋቂ ጠየቀ፣ ማታ ተመለሰና ጻፋት። ሁለት ቃል ናት። "ልጄ፣ የጎረቤቴን መልክ ብሳሳት ጎረቤቴ ይታረቀኛል። እርሳቸው ላይ ያልነበረ ነገር የጨመረ ሰው ግን መቀመጫውን ከእሳት ያዘጋጃል" አለኝ። ሐዲሱን ታውቀዋለህ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግልኝ። ሰሌዳውን ፊትህ አስቀምጥና ከላይ እስከ ታች ያለውን ገልብጠህ ላክልኝ። በሰሌዳው መሃል ባለው ክብ ውስጥ ያሉትን አስራ አንዱን መስመር በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ከክቡ በታች ያለችውን አስራ ሁለተኛዋን ግን አባባ የጨመራት እኔ ለትምህርት ከሄድኩ በኋላ፣ በመጨረሻው ዓመቱ ነው። ስመለስ እሱ የለም፤ ሰሌዳው ላይም ነጭ ጨርቅ ተጥሎበት ነበር። ገልጬ ለማየት አንጀቴ አልችል አለኝ፤ እንዲሁ ዓመት ዓመትን ወለደና ቀረ። እሷን መስመር ማንበብ እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ምን ብሎ እንዳቆመ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እህትህ


ረጀብ 18

ለእትዬ፣ ባዶ ገጽ ለምታነበው ብቸኛ ሰው፤

አሰላሙ ዐለይኩም። በትእዛዝሽ መሠረት ሰሌዳውን የአለቃ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምላሴን ወደ ጎን አውጥቼ (እንደዚያ ካላደረግኩ ቀጥ ብሎ አይጻፍልኝም) ገልብጫለሁ።

መጀመሪያ፣ እጅግ ረጅም አልነበሩም፣ አጭርም አልነበሩም፤ ከሰው መሃል መካከለኛ ነበሩ ይላል። ቀጥሎ፣ ፀጉራቸው በጣም የተጠቀለለ አልነበረም፣ ፍጹም ዝርግም አልነበረም። ፊታቸው በሙሉ ጨረቃ ሌሊት እንዳለች ጨረቃ ያበራ ነበር። ዓይናቸው ጥቁር፣ ሽፋሽፍታቸው ረጅም፤ ያቺ ግማሽ ቀን በእግር የተሄደባት ይቺ ናት። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ደግሜ አየኋት፤ ከሌሎቹ ፊደሎች ትንሽ ደመቅ ብላ የተጻፈች መሰለኝ። ወይ ደክሞት ብዕሩን ተጭኖ ይሆናል።

ሲራመዱ ከቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ነበሩ። ወደ ሰው ሲዞሩ አንገታቸውን ብቻ ሳይሆን መላ አካላቸውን ይዘው ይዞሩ ነበር። እትዬ፣ ይቺን ስገለብጥ አለቃ "ምሳ በላህ?" ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ሳላስበው ወንበሬን ይዤ በሙሉ አካሌ ዞርኩላቸው። "ምነው፣ አንገትህን አመመህ?" አሉ። ሰው እንዲህ ሲዞርላቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ደንግጠው የራሳቸውን ምሳ አካፈሉኝ።

ሳቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግታ ነበር። እጃቸው ከሰው ሁሉ ቸር፣ ንግግራቸው ከሰው ሁሉ እውነተኛ ነበር። ለራሳቸው ብለው ተበቅለው አያውቁም። በድንገት ያያቸው ይፈራቸው ነበር፤ ቀርቦ ያወቃቸው ይወዳቸው ነበር። የክቡ መዝጊያ ላይ፣ ያያቸው ሰው ሲገልጻቸው "ከእርሳቸው በፊትም ሆነ ከእርሳቸው በኋላ እንደ እርሳቸው ያለ አላየሁም" ይል ነበር ይላል።

ከክቡ በታች፦ ከሰው ጋር ይቀልዱ ነበር።

ይኸው፣ አስራ ሁለት። ጨረስኩ። ሹፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ነው፣ ልሩጥ። እንዴት ነው የምታጸዳው ያልሽውን ሹፌሩ ቸኩሎብኝ ነው ያልመለስኩት፤ እሱን ጠይቂው።

ፌንጣሽ


ረጀብ 26

ለወንድሜ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አስራ አንዱ መስመር ልክ ነው። ሳነባቸው የማስመሪያው ጠርዝ መዳፌ ላይ እንደገና ተሰማኝ። አላህ ይስጥህ።

አስራ ሁለተኛዋን ግን ከአባባ አፍ አንድ ቀንም ሰምቻት አላውቅም። እዚህ የማውቃቸውንም ሴቶች ጠየቅኩ፤ አንዷ ሰምቻለሁ አለች፣ አንዷ አልሰማሁም አለች። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አስራ አንዱ መስመር ማንም ሊጽፈው ይችላል። አስራ ሁለተኛዋ ግን አንተን በጣም ትመችሃለች። በዚህ ሁሉ ዓመት የጎረቤቱን ጫማ ግራና ቀኝ ስታቀያይር፣ የአለቃህን መነጽር መስታወት ስታወልቅ፣ ሰው ሲቆጣህ የምትደበቅበት አንድ ቃል ብትፈልግ፣ ከዚህች የተሻለ አታገኝም ነበር።

ደግሞ ከክቡ በታች ያለው ቦታ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ክፈፉን ሲያሰምር አይቻለሁ፤ አንድ ክንድ ሙሉ ነው። አባባ በዚያ ሁሉ ቦታ አራት ቃል ብቻ ጻፈ?

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅህ። ያቺን መስመር የጻፈው እሱ ነው ወይስ አንተ? በአንድ ቃል መልስ። ካልመለስክልኝ ለሸሁ እጽፍና ሰሌዳውን እንዳይሰቅሉት እነግራቸዋለሁ። የአባባ እጅ የዋለበት አንድ የቀረን ነገር እሱ ነው። ሣጥን ውስጥ ቢቀር ይሻለኛል፣ በስሙ ነቢዩ ላይ ያልተባለ ነገር ከሚጨመርና ልጆች ከሚሸመድዱት።

አልተቆጣሁም። እጠብቃለሁ።

እህትህ


ሻዕባን 3

ለእትዬ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። በአንድ ቃል፦ እኔ።

ከዚህ በታች ያለውን ካልፈለግሽ አታንብቢው።

መስታወቱ ከተሰበረ በኋላ ሰሌዳው ራቁቱን ቀረ። ከታች በኩል በአቧራና በእርጥበት ደፍርሶ መስመሯ አትነበብም ነበር፤ ፊደል እንዳለ ብቻ ያስታውቃል። ላነባት ጎንበስ አልኩና፣ ቆይ መጀመሪያ ላጽዳት፣ ጥርት ስትል ደስ ብሎኝ አነባታለሁ አልኩ። እኛ ሱቅ ሁሉን ነገር የምናጸዳው አቼቶ በገባበት ውሃ ነው። የሚረጨውን ጠርሙስ አንስቼ "ፊስ" አደረግኩና በጨርቅ ሳብኩት። አንድ ጊዜ ነው የሳብኩት። ጨርቁ ጥቁር ሆነ፣ እንጨቱ ነጭ ሆነ።

አባባ ቀለሙን ከጥቀርሻና ከሙጫ ራሱ እንደሚቀምም ረስቼው ነው። የሱቅ ቀለም ቢሆን አይለቅም ነበር። ማሰሮውን የማማስልለት እኔ ነበርኩ እኮ። ሌላ ሰው ቢሆን አላወቅኩም ይላል፤ እኔ ምን እላለሁ?

ለአለቃ አልተናገርኩም። ለሸሁም አልተናገርኩም። ቀለሙን እንደ አባባ አድርጌ በጠበጥኩና ጻፍኩት። ቦታው ተረፈኝ፤ እንዳልሽው አንድ ክንድ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን አራራቅኳቸው፣ ሰው እንዳያውቅብኝ። ሆን ብሎ ያማረ ይመስላል። አለቃ እንኳን አይተው "አባትህ መጨረሻው ላይ እጁ ፈታ ብሏል" ብለዋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከየት አመጣኸው ብትይኝ አላውቅም። ብዕሩን ስይዝ እሷ መጣች። አባባ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ "ከሰው ጋር ይቀልዱ ነበር" ሲለኝ ይታየኛል። ድምፁ ሁሉ ይሰማኛል። ግን እትዬ፣ ለአለቃ ትናንት ስላረፈድኩበት ምክንያት ስነግራቸውም እኮ መንገዱ ላይ የወደቀው ዛፍ ቁልጭ ብሎ ነበር የታየኝ። ዛፍ የለም። ሰው ሁሉ እንዳያምነኝ አድርጌ ኖሬ፣ ዛሬ እውነት ልናገር ስል እኔም ራሴን አላመንኩም።

እንደዚህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሌሎቹ ቀልዶቼ የሰው ጫማ ላይ ነበሩ። ይሄኛው ከዋሸሁ በማን ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያቺን ሐዲስ ከጻፍሽልኝ ወዲህ በሰሌዳው በኩል ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ምን ላድርግ? ልፍቀው? ልተወው? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ። ቀልድ አይደለም።

ወንድምሽ


ሻዕባን 8

ወንድሜ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አትፋቀው፤ እንዲሁም አትተወው። ሰሌዳውን ተሸክመህ ሸሁ ዘንድ ሂድ። ለእኔ የጻፍከውን እንዳለ ንገራቸው፤ በርጩማውንም ዛፉንም። ልታስቃቸው አትሞክር። እርሳቸው ያሉትን ጻፍልኝ። አይሰቀልም ካሉም እሺ በል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

"አላውቅም" ብለህ ስትጽፍልኝ በሕይወትህ የመጀመሪያህ ነው። ደብዳቤውን ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እህትህ


ሻዕባን 20

ለእትዬ፣ ለታላቅ እህቴ፣ ሁልጊዜም በዚያው ስሟ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የዘገየሁት ሹፌሩ ስለቸኮለ አይደለም። ነገሩ እስኪያልቅ ስጠብቅ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በትከሻዬ ይዤ ሄድኩ። ሸሁ ብቻቸውን ነበሩ፤ የአዲሱ ክፍል ቀለም ስላልደረቀ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እንዳልሽው አላሳቅኳቸውም። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"መስመሯ ያንተ ናት ወይስ የአባትህ?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ ሸህ።"

"ከመጽሐፍ ናት ወይስ ከራስህ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ደግ። ከሚያውቅ ውሸታም የማያውቅ እውነተኛ ይሻለኛል፤ ከዚህ እንጀምራለን" ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። ነቢያችን እንዴት ይራመዱ እንደነበር፣ እንዴት ይበሉ እንደነበር፣ እንዴት ይተኙ እንደነበር፣ ሁሉም በየክፍሉ ያለበት ነው። ገጽ ሲገልጡ ጣታቸው ቀስ ይላል፤ የእኔ ልብ ግን ቀስ አላለችም። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አንብበው ቀና አሉ።

"አለ።"

"ምን አለ?"

"ይቀልዱ ነበር። ክፍሉ ራሱን የቻለ ነው። አንድ ሰው የሚጓዝበት ግመል ስጡኝ ብሎ ሲለምናቸው፣ 'የግመል ልጅ ላይ አስቀምጥሃለሁ' አሉት። ሰውየው፣ 'የግመል ልጅ ምን ያደርግልኛል?' አለ፤ ጨቅላው መስሎት። 'ግመልን ሁሉ የምትወልደው ግመል አይደለችም እንዴ?' አሉት።"

እትዬ፣ ሳቅኩ። ሸሁም ፈገግ አሉ። ከትከሻዬ ላይ ሰሌዳው የወረደ ያኔ ነው የመሰለኝ፤ የወረደው ግን ቀድሞ ነበር። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ወዴት? ግማሹን ነው የያዝከው።"

"የትኛውን ግማሽ?"

"የሚመችህን" አሉኝና መጽሐፉን ወደ እኔ አዞሩት። ባልደረቦቻቸው "ከእኛ ጋር ይቀልዳሉ እኮ" ሲሏቸው፣ "አዎ፤ ግን ከእውነት በቀር አልናገርም" አሏቸው። አጥንቴ ድረስ ነው የገባኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያዋን ግማሽ ይዤ ስሮጥ ኖሬያለሁ።

"ሰሌዳውን እሰቅለዋለሁ" አሉ ሸሁ። "ግን አባትህ የጻፈው ይሄን ከሆነ፣ ሁለተኛዋም ግማሽ ነበረችበት። አባትህ ቃል የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ፈልግና አምጣልኝ።"

ከየት እንደምፈልግ ግራ ገብቶኝ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ለአለቃም ተናዘዝኩ። አልተቆጡም፤ ሰሌዳውን ገለበጡና በጀርባው በኩል ያሉትን ምስማሮች በጉጠት ይነቅሉ ጀመር። "አንተ እኮ የገጠምከው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው። እኛ ፍሬም ስንሠራ እንጨቱ እንዳይንቀጫቀጭ ከኋላ ምን እንሸጉጣለን?" አሉኝ።

"አሮጌ ወረቀት።"

"አባትህስ ወረቀት ይጥል ነበር?"

አራት ወረቀት ወጣ። ሦስቱ የማስመሪያ ልምምድ ነው። አራተኛው የአስራ ሁለተኛዋ መስመር ረቂቅ ነው። እንዲህ ይላል፦ "ከሰው ጋር ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱም ከእውነት በቀር አይናገሩም ነበር።"

ግን ያልነገርኩሽ አለ። ሁለተኛዋ ግማሽ የአባባ እጅ ናት። የመጀመሪያዋ ግማሽ ግን የእሱ አይደለችም። ፊደሎቹ ይንጋደዳሉ፣ አንዱ ይወጣል አንዱ ይወርዳል፣ "ቀ" አንገቷን አጣማለች። እትዬ፣ ዛሬም "ቀ"ን እንደዚያው ነው የምጽፋት፤ ከፈለግሽ ከላይ ያለውን ተመልከቺ። የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ በርጩማው ላይ አቁሞ ግማሿን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር፤ ግማሿን ራሱ ጻፈ። እኔ የማስታውሰው የጻፍኩትን ነው፤ ከዚያ በኋላ ምናልባት ዘልዬ ወርጄ ሮጫለሁ። ፌንጣ አይደለሁ? እሱ ብቻውን ነው የጨረሳት።

እንግዲህ በርጩማው እውነት ነበር። ዛፉ ግን ውሸት ነው፤ ለአለቃ ነግሬያቸዋለሁ።

በዚያው በአቼቶው ውሃ የእኔን የተራራቁ ፊደሎች "ፊስ" አድርጌ አጠፋኋቸውና ሙሉውን መስመር በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። አንድ ክንድ ሙሉ፣ ሳይተርፍም ሳያንስም ገባ። ሸሁ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡ፣ ከአስራ አንደኛው ወደ አስራ ሁለተኛው ሲያልፉ ጣታቸው ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያ "ስቀለው" አሉ። ሐሙስ ተሰቀለ። በሩን ሲገቡ በስተቀኝ፣ ልጆቹ ሲቀመጡ ዓይናቸው በሚያርፍበት ቁመት። ብርሃን ከመስኮቱ በሰያፍ ይመጣበታል፤ አዲሱ መስታወት አያብለጨልጭም። ምን ይመስላል ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርምና ቀድሜሽ ነው። ረቂቁን ለአንቺ አስቀምጬልሻለሁ፤ በፖስታ አልክም፣ መጥተሽ ትወስጂያለሽ።

ልጆቹ አስራ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ዳር ቆሜ ነበር። አንዲት ትንሽዬ እጇን አውጥታ "ምን ብለው ቀለዱ?" አለች። ሸሁ በመላ አካላቸው ወደ እኔ ዞሩ። የግመሉን ልጅ ነገርኳት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቂኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ጀምሬያለሁ፦ እውነት ብቻ እየተናገሩ መቀለድ። ከባድ ሙያ ነው። ትናንት አለቃን፣ "አንድ ሰውዬ በየቀኑ እዚህ ይገባል፤ ትልቁ መስታወታችን ፊት ቆሞ ጢሙን ያበጥራል፣ ጥርሱን ያያል፣ አንድ ነገር ሳይገዛ ይወጣል" አልኳቸው። አለቃ ደማቸው ፈላ። "ማነው? ነገ ሲመጣ አሳየኝ" አሉ። "ነገ ለምን? አሁን መስታወቱ ፊት ይቁሙና ያዩታል" አልኳቸው። ቆሙ። አዩት። ጢማቸውን እያበጠሩ ነበር። መጥረጊያ አንስተው እስከ በሩ አባረሩኝ፤ ግን እየሳቁ ነበር፣ ውሸታም ሊሉኝም አልቻሉም።

ስለ መጀመሪያው ደብዳቤዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። የቤተሰብ አባል አልሞተም። አንድ መስታወት ተሰበረ፣ አምስት ቃል ጠፋ፣ አምስት ቃል ተገኘ። ሲጠቃለል ይሄው ነው፤ ትንሽ ነገር ነበር። ከረጀብ ጀምሮ ተቀምጠሽ ከሆነ፣ አሁን መነሳት ትችያለሽ።

ወንድምሽ፣ ፌንጣ